ጫማውን ልብ በሉ

ሰላም ለሁላችሁ። የዚህ ሳምንት ፊልማችን ሚራ ናይር እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣችው «ዘ ኔምሴክ» ነው። ከሕንዷ ኮልካታ ኒው ዮርክ የሄዱ ባልና ሚስት ልጅ ይወልዳሉ። ልጁ ጎጎል ስሙንም ወግ ልማዱንም ይሸሻል።

ስታዩ ጫማውን ልብ በሉ። የጎጎል እናት አሺማ ገና ሳታገባ፣ ሊያጫት የመጣውን ሰው ሳታገኘው፣ በር ላይ ያወለቀውን የአሜሪካ ጫማ ታያለች። ማንም ሳያያት እግሯን ሰካ ታደርጋለች። አንድ ቃል አትናገርም፤ ልቧ ግን መሄዱ ያስታውቃል። ለእኔ ከፊልሙ ሁሉ ይቺ ትበልጣለች።

ድልድዮቹም አሉ፤ የኮልካታውና የኒው ዮርኩ። ትንሽ በዛ ቢሉም ያስኬዳል። ጎጎል አባቱ ሲሞት ጸጉሩን ተላጭቶ ብቅ የሚልበት ላይ ግን እንከራከር፦ ወደ ወጉ መመለስ ነው ወይስ ጸጸት? ሁላችሁም አንዳንድ ትዕይንት መርጣችሁ ኑ።