ኪኒኑን አታቋርጪ፣ እህቴ

ውድ እህቴ፣

እንደምን ከረማችሁ? እኔ ደህና ነኝ፣ ለእኔ አታስቡ። የኪኒኑን ፎቶ አይቼ የጻፍሽውን ካነበብኩ ወዲህ ልቤ ስላልተረጋጋ ሰላምታውን አሳጥሬ ወደ ነገሩ ልግባ።

ሐኪሙ ለደም ግፊትሽ ያዘዘልሽ ሜቲልዶፓ «የጭንቅላት መድኃኒት ነው፣ ፅንሱን ይጎዳል» ስላሉሽ ካቆምሽው 3 ቀንሽ ነው። እማዬም አዝናልሽ ከራሷ የግፊት ኪኒን፣ ከኢናላፕሪል፣ አካፍላሻለች። ከሁሉ በፊት የእማዬን ኪኒን እንዳትነኪ! ለእሷ መልካም ነው፤ በእርግዝና ጊዜ ግን የፅንሱን ኩላሊት ይጎዳል፣ የእንሽርት ውሃውንም ያሳንሳል። አንድ ፍሬም ቢሆን ውጠሽ ከሆነ ለሐኪሙ ሳትደብቂ ንገሪው። እማዬን ግን አትቆጪያት፤ ያላትን ነው የሰጠችሽ።

«ጭንቅላት ላይ ይሠራል» ያሉሽ ሰዎች አልዋሹም። የደም ሥሮች ምን ያህል እንደሚጠብቡ፣ ልብ ምን ያህል ፈጥና እንደምትመታ ትእዛዝ የሚሰጠው የአንጎል ግንድ ነው። ትእዛዙ ሲምፓቴቲክ በሚባሉት ነርቮች ይወርድና ጫፋቸው ላይ ኖርአድሬናሊን የሚባል መልእክት አድራሽ ንጥረ ነገር ይለቀቃል፤ ያኔ የደም ሥሩ ይጠብባል፣ ግፊቱም ይወጣል። እዚያው አንጎል ግንድ ውስጥ ደግሞ ልጓም አለ፤ አልፋ 2 የሚባል ተቀባይ። እሱ ሲነካ ወደ ታች የሚወርደው ትእዛዝ ይቀንሳል፣ የደም ሥሩም ላላ ይላል።

ሜቲልዶፓ እንዳለ ልጓሙን አይነካም። ነርቮቹ ኖርአድሬናሊን ከሚሠሩበት ጥሬ ዕቃ ጋር ስለሚመሳሰል የራሳቸው መስሏቸው ያስገቡታል፤ በዚያው መንገድ ሠርተው ሜቲልኖርአድሬናሊን ያደርጉታል፣ ያከማቹታል፤ ልጓሙን የሚይዘው ሲለቁት ነው። ይህ ሁሉ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ዋናው ኃይሉ የሚታየው ከዋጥሽ ከ4 እስከ 6 ሰዓት በኋላ ነው። አንቺ በግማሽ ሰዓት ለክተሽ «አልሠራም» ብለሻል፤ ገና ነበር።

ፅንሱን በተመለከተ፣ እናቶቻቸው በእርግዝና ጊዜ ይህንን መድኃኒት የወሰዱ ልጆች እስከ 7 ዓመት ተኩል ድረስ ክትትል ተደርጎላቸው በዕድገታቸው ላይ ጉዳት አልታየም፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ1982 ታትሟል። ሐኪሙ ይህን የመረጠልሽ ያለ ምክንያት አይደለም።

እንቅልፍ እንቅልፍ ማለቱ እውነት ነው። መድኃኒቱ የሚሠራበት ቦታ ንቃትንም ስለሚነካ ነው። ብዙውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ይቀንሳል፤ መጠኑ ሲጨመር ግን ይመለሳል። ሐኪሙ ከጨመረልሽ ጭማሪው ከማታው ይጀምር እንደሆነ ጠይቂው። አፍ መድረቅና የአፍንጫ መታፈንም ያው ከእሱ ነው። ከአልጋ ስትነሺ መጀመሪያ ጠርዙ ላይ ቁጭ በይ፣ ከዚያ ቁሚ፤ ማዞሩ ይቀልልሻል።

አሁን ደግሞ ማንም ሳይነግርሽ የቀረ የሚመስለኝን ልንገርሽ። ፎቶው ላይ ከጎኑ የብረት ኪኒን አይቻለሁ። ሁለቱን አብረሽ ትውጫቸው ነበር? ብረት አንጀት ውስጥ ሜቲልዶፓን ይይዘውና በሚገባው መጠን ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጋል። በትክክል እየወሰድሽም ግፊትሽ አልወርድ ያለው ለዚህ ሊሆን ይችላል። ብረቱን አትተዪ፤ ያስፈልግሻል። ቢያንስ 2 ሰዓት አራርቂያቸው፤ ለሐኪሙም አብረሽ ትወስጂ እንደነበር ንገሪው፤ አለዚያ መድኃኒቱ አልበቃም ብሎ ይጨምርልሻል።

ሜቲልዶፓ ሲቋረጥ ግፊቱ በ48 ሰዓት ገደማ ተመልሶ ይወጣል። አንቺ 3 ቀን ሆኖሻል። ነገ ሳትውይ ሄደሽ ተለኪ፤ እንዴት እንደምትቀጥዪ እነሱ ይንገሩሽ። ያለፈውን ለማካካስ ደርበሽ አትዋጪ፤ ያዘዙልሽ 250 ሚሊ ግራም በቀን 3 ጊዜ ነው፣ እንዲያው ነው። (ክሎኒዲን የሚባል ወንድሙ አለ፤ ያንን በድንገት ያቆመ ሰው ግፊቱ ከቀድሞውም በላይ ሊተኮስበት ይችላል። የዚህ ዘር ኪኒን ላይ ቀልድ የለም።)

የላክሁልሽ መለኪያ ሲደርስሽ መጀመሪያ 5 ደቂቃ ዕረፊ። ጀርባሽን አስደግፊ፣ እግርሽን አታነባብሪ፣ ክንድሽ ልብሽ ትይዩ ይሁን፤ በ1 ደቂቃ ልዩነት ሁለቴ ለኪ። የላይኛው 160 ወይም የታችኛው 110 ከደረሰ አታመንቺ፣ በዚያው ሰዓት ሂጂ። ቁጥሩ ምንም ቢሆን፣ ኃይለኛ ራስ ምታት፣ ዓይን ላይ ብልጭ ብልጭ ማለት፣ ከቀኝ የጎድን አጥንት ሥር ሕመም ወይም ድንገተኛ የፊት እብጠት ካለም እንደዚያው። ትኩሳት ከመጣ ወይም ዓይንሽ ቢጫ ከሆነ መድኃኒቱ ጉበትሽን ሊነካው ስለሚችል ቶሎ ታዪ። ለመውለድ ስትገቢም ሜቲልዶፓ እንደምትወስጂ ለላቦራቶሪው ይነገር፤ ደም ሲያመሳስሉ ምርመራውን ሊያሳስታቸው ይችላል።

ከወለድሽ በኋላ ደግሞ በ2 ቀን ውስጥ በሌላ እንዲቀይሩልሽ አስታውሻቸው። ይህ መድኃኒት ድባቴ ሊያመጣ ይችላል፤ አራስ ያለዚያም ሆዷ ቅርብ ነው። ያን ጊዜ አጠገብሽ እንደማልሆን ሳስብ ነው ሆዴ የሚባባው። ሰርግሽ ላይ ሳልገኝ ቀረሁ፣ አሁንም በወረቀት ብቻ። ዝም ያልኩት ረስቻችሁ አይደለም፤ ደህና ነኝ ብዬ የምጽፍበትን ቀን ስጠብቅ ወራቱ ሄዱ። አትቀየሚኝ።

የጠዋትና የማታውን ቁጥር ከነሰዓቱ ደብተር ላይ ጻፊልኝ፣ ባለቤትሽ ፎቶ አንስቶ ይላክልኝ። እማዬም በዚያው መለኪያ ትለካ፤ ለአንቺ ስታካፍል የራሷ ኪኒን ጎድሎባት እንዳይሆን ቆጥረሽ ንገሪኝ።