የምበላውንና የማልበላውን ለጠየቅሽኝ ልጄ

ውድ ልጄ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። «አባዬ፣ ስትመጡ የባሕር ምግብ ልሠራላችሁ አስቤአለሁ፤ የምትወደውንና የማትወደውን ቀድመህ ጻፍልኝ» ያልሽው አሳቀኝ። ሃያ አምስት ዓመት በአንድ ማዕድ በልተን ይህን አለማወቅሽ መጀመሪያ ገረመኝ። ቆይቼ ሳስበው ግን ጥፋቱ የእኔ ነው። «ይህን አልወድም» ብዬ ሳህኑን ወደ እናትሽ ከመግፋት በቀር ምክንያቴን ነግሬሽ አላውቅም።

ከቱና ልጀምር፤ የበደልኩት እሱን ነውና። አንቺ ሳትወለጂ አንድ ድግስ ላይ የተጠበሰ ቱና በላሁ። ገና ስጎርሰው ምላሴን እንደ በርበሬ ለበለበኝ። ቅመም የበዛበት መስሎኝ ሳህኑን ጨረስኩት። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ፊቴና አንገቴ ፍም መሰሉ፤ ልቤ ይደልቅ ጀመር፤ ራሴን ይፈልጠኝ ያዘ። ከዚያ ቀን በኋላ «ቱና አይስማማኝም» እያልኩ ሃያ ዓመት ኖርኩ። አንቺም ትንሽ ልጅ ሳለሽ «አባዬን ቱና ይገድለዋል» እያልሽ ለጎረቤቱ ሁሉ ታወሪ ነበር።

በኋላ ለሌላ ጉዳይ የሄድኩበት ሐኪም ታሪኬን ሰማና መረመረኝ፤ አለርጂው የለብኝም። ጥፋቱ የዓሣው አያያዝ ሳይሆን አይቀርም አለኝ። ቱናና ማኬሬል ሥጋቸው ሂስቲዲን የሚባል ንጥረ ነገር በብዛት አለው። ከተያዙ በኋላ በቂ ቅዝቃዜ ካላገኙ ባክቴሪያዎች ሂስቲዲኑን ወደ ሂስታሚን ይለውጡታል። ሰውነታችን አለርጂ ሲነሳበት የሚለቀውም ይህንኑ ሂስታሚን ስለሆነ አለርጂን በእንዲህ ያለ ዓሣ ከመመረዝ ለመለየት ያስቸግራል። አንዴ ከተፈጠረ ደግሞ ብትቀቅይውም ብትጠብሽውም አይጠፋም። ስለዚህ ቱና ስትገዢ ከበረዶ ላይ ይነሣ፣ ወዲያው ማቀዝቀዣ ይግባ፤ ምላስ የሚለበልብ ከሆነ ለማንም ሳታፍሪ ትፊው።

ከሐኪሙ ዘንድ እንደተመለስኩ ከቱና ጋር ወዳጅ የሆንን እንዳይመስልሽ። አእምሮዬ ነፃ ቢያወጣውም ሆዴ አልተቀበለውም፤ ሽታው ብቻ ያጥወለውለኝ ነበር። ጆን ጋርሲያ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1955 ከባልደረቦቹ ጋር ያሳተመው ሙከራ አለ። አይጦች ጣፋጭ ውኃ በሚጠጡበት ጊዜ ጨረር ተደረገባቸው። ያሳመማቸው ጨረሩ ሆኖ ሳለ በኋላ የሸሹት ጣፋጩን ውኃ ነበር። እኔም ከዚያ አይጥ ብዙ አልለይም። ሦስት ጊዜ በትንሽ በትንሹ እየቀመስኩ፣ አራተኛው ላይ ውጩ ጠበስ ብሎ ውስጡ ሮዝ የሆነውን በላሁና «ሃያ ዓመት ምን ነክቶኝ ነበር?» አልኩ። እናም ቱና ይኑር።

ኦይስተር፣ ያ በድንጋይ መሳይ ቅርፊት ውስጥ የሚኖረው የባሕር ፍጥረት፣ ግን አይኑር። እዚህ ላይ ምክንያት አትጠይቂኝ። ሦስት ጊዜ ሞክሬዋለሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ ሳላኝክ ነው የዋጥኩት፤ የማይታኘክን ነገር ደግሞ ምግብ ማለት ይቸግረኛል። ቀዝቃዛ፣ የሚያሟልጭ፣ አንድ ጉንጭ የባሕር ውኃ የመሰለ ነገር ነው። እናትሽ ዓይኗን ጨፍና በደስታ ስትበላው እያየሁ እቀናለሁ እንጂ አልከተላትም። ለእሷ ከገዛሽላት ግን አብስይው። ሎሚ የተጨመቀበት ጥሬ ኦይስተር ጀርሙ ይሞታል የሚሉሽን አትስሚ፤ ሎሚው ይህን አያደርግም።

ካላማሪን፣ ያንን ብዙ እጅ ያለውን ለስላሳ የባሕር ፍጥረት፣ ሁላችሁም እንደማልወድ ታስባላችሁ። የማልወደው ጎማ የሆነውን ነው። በኃይለኛ እሳት ላይ ከሁለት ደቂቃ ያልበለጠ ቆይታ፣ ወይም ቀስ ባለ እሳት ላይ ከግማሽ ሰዓት በላይ። በመሐል ያለው ሁሉ ጥርስ ያደክማል።

ሽታን በተመለከተ ከአንቺ ጋር አንድ ነን። ትኩስ የባሕር ዓሣ «ዓሣ ዓሣ» አይሸትም። የባሕር ፍጥረታት ጨዋማውን ውኃ የሚቋቋሙበት ሽታ አልባ ንጥረ ነገር በሥጋቸው ውስጥ አለ፤ ከሞቱ በኋላ ባክቴሪያ ይህንን ሲሰባብረው ነው ትራይሜቲላሚን የሚባለው ክርፋት የሚወጣው። የሎሚ አሲድ ሽታው በአየር ላይ እንዳይበን ይይዘዋል፤ ያረጀውን ዓሣ ግን አያድሰውም። ከመግዛትሽ በፊት ዓይኑን እዪው፤ የጠራና ያበጠ ይሁን። ከጭንቅላቱ ጎን ያለውን ክዳን ገለጥ አድርጊና ስንጥቡን፣ ማለትም መተንፈሻውን፣ ተመልከቺ፤ ቀይ መሆን አለበት። ሥጋውን በጣትሽ ስትጫኚው ጎድጉዶ ከቀረ ትተሽው ሂጂ።

ሽሪምፕ፣ ያ ትንሽ ቅርፊታም የባሕር ፍጥረት፣ ሁልጊዜ የምመርጠው ነው፤ ይህን ታውቂያለሽ። ግራጫ የነበረው በእሳቱ ላይ ብርቱካናማ ሲሆን ቆሜ ማየት እወዳለሁ። ቀለሙ ከመጀመሪያውም እዚያው ነበረ፤ ሙቀቱ ይዞት ከነበረው ፕሮቲን ስለሚያላቅቀው ነው የሚታየን። እንደ ማጭድ ሲታጠፍ አውጪው፤ እንደ ቀለበት ከተጠቀለለ አልፎበታል። ሆኖም ወንድምሽ ስለሚመጣ በዚያን ቀን ሽሪምፕም ሆነ ቅርፊታም ዘመዶቹ ክራብና ሎብስተር ወደ ወጥ ቤትሽ አይግቡ። የእሱ ነገር እንደ እኔ ቱና አይደለም። ያን ቀን ከንፈሩ ያበጠው ከአንድ ፍሬ ሽሪምፕ ነው፤ ምርመራውም ያንኑ አረጋግጧል። እሱን የሚጎዳው ፕሮቲን ብታበስይውም አይለወጥም። በሌላ ሳህን አቀርብለታለሁ አትበይ፤ ሽሪምፕ የተጠበሰበት ዘይት፣ የተገላበጠበት ማንኪያ፣ ሲፈላ የሚወጣው እንፋሎት ሳይቀር ሊያስነሣበት ይችላል። «ትንሽ ቢቀምስ ይለምደዋል» የሚል እንግዳ ካለሽም ከእሱ አርቀሽ አስቀምጪው። እኔና አንቺ ሌላ ቀን ብቻችንን እንበላለን።

ሳልሞን ከሠራሽ ነጭ ነገር ከላዩ ሲወጣ አትደንግጪ፤ ስብ ሳይሆን ፕሮቲን ነው፤ እሳቱ እንደበዛ ይነግርሻል።

ሰርዲኑን እኔ ይዤ እመጣለሁ። አንቺ ቆርቆሮው ሲከፈት አፍንጫሽን ትይዢ ነበር፤ ከዚያ ደግሞ ዓሣውን በሹካ ለሁለት ከፍለሽ፣ አከርካሪውን እንደ ትንሽ ማበጠሪያ በሁለት ጣት ስበሽ አውጥተሽ ሳህኔ ዳር ታስቀምጪልኝ ነበር። እኔም አንሥቼ እበላው ነበር፤ ቆርቆሮው ውስጥ በሙቀት ስለሚለሰልስ ጥርስ ላይ እንደ ኖራ ይፈርሳል። አሁንም አጥንቱን የምትጠዪው ከሆነ አከርካሪዎቹን ለእኔ አስቀምጪልኝ።

አባትሽ