ኬሮሮ ሳጅን አይደለም

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፤

ጋዜጣችሁን ቅዳሜ ቅዳሜ እገዛለሁ። መጀመሪያ የማነበው የጨረታ ማስታወቂያውን ነው። የምጫረተው ነገር ኖሮኝ አይደለም። ዕድሜውን ንብረት ክፍል ብርድ ልብስ ሲቆጥር የኖረ ሰው፣ ጡረታ ከወጣም በኋላ ማን ስንት ብርድ ልብስ እንደሚገዛ ሳያይ አይውልም።

ባለፈው ቅዳሜ ግን ጨረታውን ሳልጨርስ መዝናኛ ገጻችሁ ላይ ቀረሁ። «ሳጅን ጉርጥ ልጆቻችንን ምን እያስተማራቸው ነው?» ይላል ርዕሱ። ጸሐፊዋ የሚተቹት ምድርን ሊወሩ ከሌላ ፕላኔት መጥተው ሰው ቤት ስለሚኖሩ እንቁራሪቶች የተሠራውን የጃፓን አኒሜ፣ ማለትም የካርቱን ፊልም ነው። መተቸት መብታቸው ነው። ግን ከርዕሱ የመጀመሪያ ሁለት ቃላት ሁለቱም ስህተት ናቸው።

ከቀላሉ ልጀምር። ጉርጥ አይደለም። ጉርጥ ቆዳው ሻካራ ነው፤ እንቁራሪት ለስላሳ ናት። ፊልሙ በጃፓንኛ «ኬሮሮ ጉንሶ» ይባላል። «ኬሮ ኬሮ» ጃፓኖች ለእንቁራሪት ጩኸት የሚሰጡት ድምፅ ነው። እኛም እንቁራሪት ያልናት ስለምታንቋርር ይመስለኛል። ጉርጥ እዚህ ውስጥ ምንም ሥራ የለውም።

ሳጅን የሚለውን ግን ዝም ብዬ አላልፈውም። ሳጅን በእኛ አገር የፖሊስ ማዕረግ ነው። ጸሐፊዋ ከእንግሊዝኛው ርዕስ እንደወሰዱት ገብቶኛል፤ እንግሊዝኛው «ሳርጀንት ፍሮግ» ነው። «ጉንሶ» ግን የድሮው የጃፓን ንጉሠ ነገሥት ጦር ማዕረግ ነው። በእኛ ሃምሳ አለቃ ማለት ነው። ያ ጦር እ.ኤ.አ. በ1945 ከሽንፈቱ በኋላ ፈርሷል። ዛሬ ያለው የጃፓን መከላከያ ኃይል በዚህ ስም የሚጠራ ማዕረግ የለውም። ስለዚህ ለጃፓን ልጅ «ጉንሶ» የቅድመ አያት ዘመን ቃል ነው። ዋናው እንቁራሪት ኬሮሮ ሲናገርም «ዴ አሪማስ» እያለ ነው የሚጨርሰው። የድሮ ወታደር አነጋገር ነው። ጃፓንኛ አንዲት ቃል ሳላውቅ፣ ጆሮዬ ያቺን ነገር በሁለተኛው ቀን ለይቶ ያዛት። የካምፕ ቋንቋ የትም አገር ይታወቃል።

እኔም ሃምሳ አለቃ ነበርኩ። ደብዳቤው የመጣው ከዚህ ነው።

ፊልሙን ያየሁት ባለፈው ክረምት ነው። ትምህርት ተዘግቶ የአሥራ ሦስት ዓመቱ የልጅ ልጄ እኛ ቤት ከረመ። ጉልበቴ ዝናብ አይወድም፣ ልጁ ደግሞ ጭቃ አይወድም። ሁለታችንም ሶፋ ላይ ሆንን። አንድ ቀን ፍላሽ ይዞ መጣና «አባባ፣ እንዳንተ ወታደር የነበረ እንቁራሪት ላሳይህ?» አለኝ። ልቆጣ ስል ከፈተው። እሱ የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ እያነበበ ይተረጉምልኛል፣ እኔ የወታደሩን ነገር አስረዳዋለሁ። ከ2004 እስከ 2011 እ.ኤ.አ. ቲቪ ቶኪዮ ላይ የታየ ነው፣ 358 ክፍል አለው። እኛ ስልሳ አራቱን ጨርሰናል። ባለቤቴ መጀመሪያ «አንተ ሰውዬ፣ በዚህ ዕድሜህ እንቁራሪት?» ብላ ነበር። አሁን ሽንኩርቷን ይዛ እየመጣች ከጎናችን ትልጣለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኬሮሮ ኬሮን ከሚባል ፕላኔት ለወረራው መንገድ እንዲጠርግ የተላከ የትንሽ ጓድ አዛዥ ነው። ቶኪዮ አካባቢ የሂናታ ቤተሰብ ቤት ተደብቆ ሳለ ሁለት ልጆች ያዙት። እህትየዋ ናትሱሚ ደበደበችው፣ ወንድምየው ፉዩኪ መሣሪያውን ወሰደበት። ዋናው ጦር መጋለጡን ሲያውቅ ጥሎት ሄደ። ከዚያ ወዲያ ኬሮሮ ምድር ቤት ተሰጥቶት እዚያው ይኖራል። ይጠርጋል፣ ልብስ ያጥባል፣ ሳህን ያጥባል። የቤት ሥራ ተራ ወጥቶለታል። («ይቺ ልጅ ጎበዝ ናት» አለች ባለቤቴ ስለ ናትሱሚ። የተናገረችው እኔን እያየች ነው።) ሥራው ሲያልቅ ታች ወርዶ ወረራ ያቅዳል። ለወረራው የተመደበውን ገንዘብ ግን የጋንዳም ሞዴል ይገዛበታል።

ጋንዳም እ.ኤ.አ. በ1979 የጀመረ የሮቦት ፊልም ነው። ባንዳይ የሚባለው ኩባንያ በ1980 የሚገጣጠም የፕላስቲክ ሞዴል አወጣለት፤ የመጀመሪያው ዋጋው 300 የን ነበር። ዛሬም ጃፓን ውስጥ አዋቂ ሰው ቁጭ ብሎ ይገጣጥመዋል። ጋንዳምንም ኬሮሮንም የሠራው አንድ ስቱዲዮ ነው፤ ሰንራይዝ ይባላል። በራሱ ዕቃ ነው የሚቀልደው ማለት ነው። እኔን ግን ያናደደኝ ሌላ ነው። ሞዴል ሲሉ እኔ የማውቀው የንብረት ክፍል ቅጾቹን ሞዴል 19ን እና ሞዴል 22ን ነው። ገቢ ሲሆን 19፣ ወጪ ሲሆን 22። ይህ እንቁራሪት የመንግሥት ገንዘብ አውጥቶ አሻንጉሊት ሲገዛ አንድ ወረቀት አልቆረጠም። ልጁ እስኪስቅብኝ ድረስ ስለዚህ ጉዳይ ተናግሬያለሁ።

አሁን ወደ ማዕረጉ ልመለስ። ሳጅን ካላችሁት ቀልዱ ግማሹ ይሞታል። ሃምሳ አለቃ በስሙ የሃምሳ ሰው አለቃ ነው። ኬሮሮ ያሉት አራት ናቸው። ቀዩ ጊሮሮ አስር አለቃ ነው። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተክሎ ያድራል፣ ጠመንጃ ሲወለውል ይውላል፣ በእሳት ስኳር ድንች ይጠብሳል። ናትሱሚን ወዷል፣ መናገር አልቻለም። ታማማ ተራ ወታደር ነው፤ አንዲት የሀብታም ልጅ ቤት ገብቶ ጣፋጭ ሲበላ ይውላል። ዶሮሮ ምክትል አስር አለቃ ነው። ጓደኞቹ ይረሱታል። ስብሰባ ይጠሩና እሱን አይጠሩትም፣ ጥግ ይዞ ያለቅሳል። የስም ጥሪ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያይ ይስቃል፣ ትንሽም ይከፋዋል። እኛ ጋ ሆስፒታል ተኝቶ ሲመለስ ስሙ ከመዝገብ ወጥቶ ያገኘው ልጅ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ በሰው ስም ዳቦ በላ።

ኩሩሩ ደግሞ ባለ መነጽሩ ቢጫ ነው። ማሽን ይፈለስፋል፣ ካሪ የሚሉት ወጥ ነፍሱ ነው፣ ተንኮለኛ ነው። ማዕረጉ «ሶቾ» ይባላል። ልጁ ስልኩ ላይ ፈልጎ የማዕረጎቹን ቅደም ተከተል ሲያነብልኝ «አቁመው!» አልኩ። ሶቾ ከጉንሶ በላይ ነው። በእኛ ሻምበል ባሻ በሉት። ሻምበል ባሻ በሃምሳ አለቃ ሲታዘዝ የት ታይቶ ያውቃል? ያን ቀን ለልጁ ግማሽ ሰዓት ስለ ዕዝ ሰንሰለት አስተማርኩት። በኋላ ሳስበው ግን ነገሩ እውነት ነው። ኩሩሩ የሚታዘዝ ይመስላል እንጂ አይታዘዝም። ማሽኑን የሚሠራው እሱ ነው፣ ስለዚህ የሚሆነው እሱ ያለው ነው። የታይፕ መኪናው ብቸኛ ቁልፍ እሱ ጋ የነበረ ጸሐፊ አውቃለሁ። አዛዡ ማን እንደነበር እኛ ነን የምናውቀው።

ጸሐፊዋ «የማይረባ ታሪክ» ብለውታል። እንዲህ ያለ ነገር በሰው ላይ እንደማይደርስ አድርገው ነው የጻፉት። በ1972 ዓ.ም. ከጎባ ወጣ ብሎ አንድ መጋዘን እንድጠብቅ ከአራት ሰው ጋር ተተውኩ። ክፍላችን ወደ ሌላ ግዳጅ ተንቀሳቀሰ። «በሳምንት መኪና ይላክላችኋል» ተባልን። መኪናው የመጣው በአምስተኛው ወር ነው። መጋዘኑ ውስጥ 212 ብርድ ልብስ፣ 40 አካፋ እና ማን እንዳመጣው የማይታወቅ አንድ የመረብ ኳስ መረብ ነበር። በየጠዋቱ እቆጥራለሁ። በየጠዋቱ 212 ነው። በሁለተኛው ወር አንዱ ጎመን ተከለ። ሌላው ከመንደሩ ሰዎች ጋር ማር መሸጥ ጀመረ። እኔ ከሣጥን ጣውላ ሚዶ መጥረብ ያዝኩ። ሰባት ጠርቤያለሁ። አንዱን ለማን እንደሰጠሁት አልናገርም፤ አሁን እዚህ ቁጭ ብላ ሽንኩርት እየላጠች ነው።

ማታ ማታ ደግሞ ከአስር አለቃችን ጋር እሳት ዳር ቁጭ ብለን፣ መጋዘኑ ቢጠቃ እንዴት እንደምንከላከል አመድ ላይ በእንጨት እየሳልን እናቅድ ነበር። በግራ በኩል ማን እንደሚተኛ፣ ውሃ በየት እንደሚመጣ። በሚቀጥለው ማታ ዕቅዱን እናሻሽላለን። ማን ነው የሚያጠቃው? ብርድ ልብስ እኮ ነው። ኬሮሮ ምድር ቤት ሆኖ ሰሌዳ ላይ ቀስት ሲስል ባየሁ ጊዜ ልጁ እኔን እንዳያየኝ ፊቴን አዞርኩ።

ወረራን እንደ ጨዋታ ያስተምራል ለሚለው ክስ መልሴ አጭር ነው። እስካሁን ባየነው ሁሉ ኬሮሮ አንድ ቀበሌ እንኳን አልያዘም። ሂናታ ቤት ውስጥ ሳሎኑን እንኳን አልያዘም። ጸሐፊዋ «እንቁራሪት ዝሆን አክላለሁ ብላ ተሰንጥቃ ሞተች» የሚለውን ተረት ጠቅሰዋል። ተረቱ ጥሩ ነው፣ ለኬሮሮ ግን አይሆንም። እሱ ልክ ሊነፋ ሲል «ልብሱ ታጠበ ወይ?» የሚል ድምፅ ከላይ ይመጣል። ይተነፍስና ወደ ሥራው ይሄዳል።

በአንድ ነገር ግን እስማማለሁ። ለትንንሽ ልጆች የማይሆኑ፣ የዋና ልብስ የበዛባቸው ክፍሎች አሉበት። የኛ ልጅ ራሱ እያፈረ ያሳልፋቸዋል፤ እኔ ያን ጊዜ መነጽሬን እጠርጋለሁ። የስምንት ዓመት ልጅ ብቻውን እንዲያየው አልመክርም።

ሌላም ጸሐፊዋ ቢያነሱት ደስ ይለኝ የነበረ ነገር አለ። እንቁራሪቶቹ ምድርን በራሳቸው ስም ነው የሚጠሩት። ፊልሙ የተወሰደበት የሥዕል መጽሐፍ ላይ «ፖኮፔን» ነው። ቃሉ የጃፓን ወታደሮች በቻይና ጦርነት ዘመን ይሉት ከነበረው የተሰባበረ ቻይንኛ የመጣ ነው፣ ለቻይናዎች ንቀት ነበረበት። ቴሌቪዥኑ ላይ ሲመጣ «ፔኮፖን» ተባለ። ወታደር ከሄደበት አገር ይዞት የሚመለሰው ቃል ብዙ ጊዜ የሚያኮራ አይደለም። እኔም ለልጅ ልጄ የማልነግራቸው አሉኝ። ይህን ቢጽፉ ኖሮ ጋዜጣውን ቆርጬ አስቀምጠው ነበር።

አንጎል ሞአ የምትባለዋን ልጅስ? እ.ኤ.አ. በ1999 ዓለም ይጠፋል የሚል የኖስትራዳመስ ትንቢት ጃፓን ውስጥ ብዙ ሰው አስፈርቶ ነበር። ልክ በዚያው ዓመት ነው ሚኔ ዮሺዛኪ የኬሮሮን የሥዕል መጽሐፍ የጀመረው። ልጅቷ ያንን ጥፋት እንድታስፈጽም የተላከች ናት። እንቅልፍ ጣላትና ቀኑ አለፈ። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ ቢላዋዋን አስቀመጠች። እናቷ ስምንተኛው ሺህ ደረሰ እያሉ እህል ሳይሸጡ ያስቀምጡ ነበር፤ ነቀዝ በላው። «በቃ፣ ተኝታ ነው» አለች። ሦስታችንም ብዙ ሳቅን።

ስለ ዝናቡም ሳልናገር አላልፍም። ኬሮናውያን እርጥበት ይስማማቸዋል። ዝናብ ሲበዛ የጥንት ጉልበታቸው ይመለሳል፣ ናትሱሚም ትፈራቸዋለች። ያንን ክፍል ያየነው በሐምሌ ነው፣ ጣሪያችን እየተደበደበ። ጃፓን መውረዳቸው ጥሩ ሆነ። አዲስ አበባ በክረምት ቢያርፉ ኖሮ ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ለሃምሳ አለቃው ልብስ እያጠብኩ ነበር።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ሁለት ቃል እንድታርሙ ነው። ጉርጥ የሚለው እንቁራሪት ይባል። ሳጅን የሚለው ሃምሳ አለቃ ይባል። ከፎቶው ሥር «ሳጅኑ» ብላችሁ የጻፋችሁት ቀዩ፣ ዓይኑ ላይ ጠባሳ ያለው፣ ጊሮሮ ነው፤ እሱም አስር አለቃ ነው። አረንጓዴው ነው ኬሮሮ። እርማቱ የጨረታው ገጽ ላይ ቢወጣ ቶሎ አየዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ ሃምሳ አለቃ
ከጎፋ፣ አዲስ አበባ