የሞተ ስልክ፣ ያለቀ ኪቦርድ፣ የምትችሉትን ያህል ብር፦ ከትምህርት ቤታችን የሥነ ጥበብ ክበብ የድጋፍ ጥሪ

የንግሥተ ሳባን ታሪክ በትንንሽ ካሬ ተከፋፍሎ የሚያሳየውን ሥዕል ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ፒያሳ ሱቆች ውስጥ አለ፣ በየሰው ሳሎን አለ። ከክበባችን አንዷ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ካሬዎቹን እንዳሉ ወሰደች። ንግሥቲቱን አስወጥታ አያቷን አስገባች። አያቷ ከደሴ ይነሳሉ፣ አውቶቡስ ተራ ይወርዳሉ፣ ሻንጣቸው እንዳይሰረቅ ይቀመጡበታል። በንጉሥ ሰሎሞን ቦታ ቤት አከራይ ቁጭ ብሏል። ከሥሩ በድሮው አጻጻፍ፦ «አከራዩ የሁለት ወር ቅድሚያ እንደ ጠየቀ»። ያየ ሁሉ ሳቀ።

ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዣን ፍራንሷ ሊዮታር እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው መጽሐፍ ድህረ ዘመናዊነትን «ታላላቅ ትረካዎችን አለማመን» ብሎ ገልጾታል፤ ሁሉን ነገር እንገልጻለን የሚሉ ትልልቅ ታሪኮችን መጠራጠር ማለት ነው። ይህን ሰሌዳ ላይ ጽፈን ብናስገለብጥ ግማሹ ክፍል ያንቀላፋል። ልጅቷ ግን የታላቁን ታሪክ ቦታ ለአያቷ ስትሰጥ ነገሩ በእጇ ገባ። ስለዚህ ድህረ ዘመናዊ ጥበብን የምናስተምረው በማሠራት ነው።

አሜሪካዊቷ አርቲስት ሼሪ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1981 የታዋቂውን ፎቶ አንሺ የዎከር ኢቫንስን ፎቶዎች መልሳ ፎቶ አንስታ የራሷ ሥራ አድርጋ እንዳቀረበች የነገርናቸው ቀን ክፍሉ ተንጫጫ። «ይሄማ ኩረጃ ነው!» አሉ። ታዲያ አንዱ ከኋላ ተነስቶ «ቲክቶክ ላይ የምናደርገውስ ምንድነው?» ብሎ ጠየቀ። ደወል ተደውሎም የሚወጣ ጠፋ።

ቀጣዩ ሥራ ግን በወረቀትና በእርሳስ አይሆንም። የአዲስ አበባው አርቲስት ኤልያስ ስሜ ከመርካቶ የሚገኙ የኤሌክትሪክ ሽቦዎችን፣ ሰርኪዩት ቦርዶችንና የኪቦርድ ቁልፎችን እየገጣጠመ ግድግዳ የሚሞሉ ሥራዎች ይሠራል። ከኤግዚቢሽን አዘጋጇ (ኩሬተር) መስከረም አሰግድ ጋር የመሠረተውና በ2011 ዓ.ም. የተከፈተው ዞማ ሙዚየም ደግሞ መካኒሳ፣ አፍንጫችን ሥር ነው። 40 ተማሪዎቻችን መጀመሪያ ሄደው ያያሉ። ከዚያ ከየሰፈራቸው ቆሻሻ አንድ ትልቅ የሰፈራቸውን ካርታ ይሠራሉ።

አንድ አባት «ልጄን ቆሻሻ ልታስለቅሙት ነው?» ብለውናል። ጥያቄያቸው አልከፋንም። ማትሪክ ላይም አይመጣም፣ እውነት ነው። ግን አንድ ነገር ጥበብ የሚሆነው ማን ስላለ ነው ብሎ በራሱ የሚጠይቅ ልጅ ሌላውንም ትምህርት ዝም ብሎ አይውጥም። ይሄ ለእኛ ይበቃናል።

ከእናንተ የምንፈልገው ሁለት ነገር ነው። አንዱ ዕቃ ነው፦ የማይሠራ ስልክ፣ ኪቦርድ፣ ሪሞት፣ ቻርጀር፣ ሽቦ። ሲም ካርድና ሚሞሪ አውጡለት፤ ፎቶአችሁን ልጆቹ ማየት የለባቸውም። ባትሪ ግን አደራ እንዳታመጡ፣ በተለይ ያበጠ። እሳት ሊያስነሳ ይችላል። የጎደለውን ከምናለሽ ተራ እንገዛለን።

ሁለተኛው ብር ነው። ለኮምፔንሳቶ፣ ለቪናቪል ኮላ፣ ለፒንሳና ካቻቢቴ፣ ለጓንት፣ እንዲሁም ለመካኒሳው ጉዞ በድምሩ 86 ሺህ ብር ያስፈልገናል። ሃምሳ ብርም ብር ናት፣ አትፈሩ። ውጭ አገር ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎች፣ የኤግዚቢሽን ካታሎግ ካላችሁ ወደ አገር ቤት በሚመጣ ሰው ላኩልን። እዚህ አይገኝም ማለት ይቻላል።

ብሩ ገቢ የሚሆነው በትምህርት ቤቱ ገንዘብ ቤት በሞዴል 64 ነው፤ ዕቃው ደግሞ በሞዴል 19። ደረሰኝ ሳትይዙ እንዳትወጡ። በክበቡ አባል እጅ ብር አትስጡ፣ ለእኛም ቢሆን። ዕቃ የምንረከበው ቅዳሜ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ነው። ሸክሙ ከከበዳችሁ በር ላይ ንገሩ፣ ልጆቹ ወጥተው ይቀበሏችኋል።