ገበያ ላይ ለተሸጠ መርፌ ደረሰኝ አምጪ ላላችሁኝ

በድሬዳዋ የእንስሳት መድኃኒት ቁጥጥርን ለምትመሩ ኃላፊዎች፣

ቢሯችሁ ድረስ መጥቼ ተናግሬያለሁ። ማመልከቻም አስገብቻለሁ። «እናጣራለን» ከማለት በቀር መልስ ስላጣሁ ዛሬ በአደባባይ እጽፋለሁ።

የእናቴ ላም ጡቷ አብጦ ወተቷ ደም ቀላቀለ። እናቴ ገበያ ወርዳ ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለውን የፀረ-ተህዋስያን መርፌ ገዛች። መድኃኒቱ መሬት ላይ በተነጠፈ ማዳበሪያ ላይ፣ ከሳሙናና ከባትሪ ድንጋይ ጋር፣ በዚያ የድሬ ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ ነበር። የጠርሙሱ ቀን በምላጭ ተፍቋል። ላሟ አልተሻላትም፤ ሁለቱ ጡቶቿ ደረቁ። ቤታችን የሚተዳደረው በዚያ ወተት ነው። ጠርሙሱን ይዤ ስመጣ ደረሰኝ ጠየቃችሁኝ። ፈቃድ የሌለው ሰው ደረሰኝ ከየት አምጥቶ ይሰጣል? ይህን እናንተ አጥታችሁት ነው?

መድኃኒት አምራቹ ፋይዘር እ.ኤ.አ. በ1950 ኦክሲቴትራሳይክሊንን ቴራማይሲን ብሎ ሲያወጣው፣ መድኃኒቱ በፓተንት፣ ማለትም ሌላ እንዳያመርተው በሚከለክል የባለቤትነት መብት፣ የተያዘ ነበር። የፓተንቱ ዘመን ሲያልፍ በየአገሩ ተመረተና ረከሰ፤ ለአርቢው ትልቅ እፎይታ ነው። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ግን ትርፉ ወዳለበት ዞሩ። ከፋይዘር የወጣው ዞኤቲስ ዛሬ ዋናውን ገቢ የሚያገኘው ከውሻና ከድመት መድኃኒት ነው። የእኛ ከብቶች ደግሞ ለገንዲ በሽታ እስካሁን የሚወጉት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የወጣውን ዲሚናዚን የተባለ መድኃኒት ነው። ለድሃ አርቢ አዲስ መድኃኒት ለመሥራት ገንዘቡን የሚያወጣ ኩባንያ ብዙም የለም። ስለዚህ በእጃችን ያለው ይኸው አሮጌው ነው፤ እሱም በፀሐይ ተበላሽቶ፣ ተበርዞና በግምት እየተወጋ ተህዋስያኑ ከለመዱት ሌላ የምንሄድበት የለንም።

መንግሥት ሲፈልግ እንደሚችል አይተናል። በክፉ ቀን የአገሩን ከብት የፈጀው የደስታ በሽታ የጠፋው ቢሾፍቱ በተመረተ ክትባትና በየገጠሩ በዞሩ ባለሙያዎች ነው። አሁን መድኃኒቱን የሚያመጣው በአብዛኛው ነጋዴው ነው፤ ለእናንተ የቀረው ቁጥጥሩ ነው። የእንስሳት መድኃኒት ቁጥጥር አዋጁን፣ ቁጥር 728/2004ን፣ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ፈቃድ ያወጡትን ፋርማሲዎች ፍሪጃቸውን ከፍታችሁ ትፈትሻላችሁ፣ ደግ ነው። ማዳበሪያ አንጥፎ የሚሸጠውን ግን በጠራራ ፀሐይ እያያችሁት ታልፋላችሁ፤ በሕግ የሚሠራው ፋርማሲ ኪራይና ግብር እየከፈለ እንዴት ይወዳደረው?

ያለ ደረሰኝ አቤቱታ ተቀበሉ። ጠርሙሱን አስመርምሩት፣ አሁንም እኔ ጋ አለ። መልሱንም በጽሑፍ ስጡኝ።