ደብዳቤ ለልጄ ለሄለን፦ ሳትደውይልኝ እንዳትልኪው

ሄሉዬ፣ የኔ እናት፣ እንኳን ተወለድሽ። እንኳን ለብርሃነ መስቀሉም አደረሰሽ፣ የመስቀል ማግስት መወለድሽ ለኔ ተመችቶኛል፣ አይረሳኝም። በስልክ ልነግርሽ ነበር ግን በስልክ አንቺ ቶሎ "እሺ ዳድ፣ እሺ ዳድ" ትያለሽ እኔም ልናገር ያልኩት ይጠፋኛል፣ ስለዚህ ቁጭ ብዬ በአንድ ጣት እየለቀምኩ ነው የምጽፍልሽ፣ የተሳሳተ ፊደል ካለ እለፊው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰብለ ደመራው ላይ አገኘችኝና ወደ ጥግ ጎተት አድርጋ "ጋሼ አንድ ነገር ልንገርህ፣ እንዳትደነግጥ" አለችኝ። እንዲህ ተብሎ ያልደነገጠ ሰው አላውቅም። ሄለን ፔንሲልቬንያ ሜዳ ላይ ብረት ለብሳ ከወንድ ጋር በጎራዴ ስትደባደብ ፌስቡክ ላይ አይቻታለሁ፣ ንጉሥም አላቸው፣ ስሟንም ልትቀይር ነው አለችኝ። ሌሊቱን አልተኛሁም። እናትሽ ስለት ተሳለች።

ጠዋት ያረጋጋን ወንድምሽ ነው። ጎራዴው ራታን የሚባል እንጨት መሆኑን፣ በቴፕ እንደሚጠቀለል፣ ነገሩ በፈረንጆቹ 1966 ካሊፎርኒያ በርክሌይ አንድ ጓሮ ውስጥ በድግስ የተጀመረ መሆኑን፣ ኤስሲኤ የሚባል የድሮ ባላባትና ፍልሚያ ዘመንን የሚጫወቱ ሰዎች ማኅበር መሆኑን፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ በጨዋታው አትላንቲያ የሚባል መንግሥት ውስጥ እንደምንገባ ነገረን (ያለሁበትን አገር ሳላውቀው ይሄን ሁሉ ዓመት ታክሲ ነድቻለሁ ማለት ነው)። ንጉሡም በፍልሚያ አሸንፎ ስድስት ወር ነግሦ ይወርዳል አለኝ። ይሄን እንኳን ወደድኩት፣ እኛ አገር ቀኔ ደረሰ ብሎ በራሱ የወረደ አላየሁም። ብቻ ያ የራስ ቁር በደንብ ይጥበቅ። ውሃም ጠጪ፣ አንቺ ውሃ አትጠጪም።

ከዚያ ለሱ የላክሽለትን፣ የጨዋታ ስምሽንና የጋሻ ምልክትሽን የምታስመዘግቢበትን ፎርምና ስዕል አሳየኝ። እዚህ ላይ ነው ነገሬ። ሄለን፣ ሳትደውይልኝ እንዳትልኪው።

መጀመሪያ ስዕሉ። በጥቁር ጋሻ ላይ ቀይ አንበሳ ነው የሳልሽው፣ በኋላ እግሩ ቆሞ። ያምራል፣ እጅሽ የእናትሽ ነው። ግን ይመልሱልሻል። ወንድምሽ ደንቡን አነበበልኝ፣ ቢጫና ነጩን ሜታል ይሏቸዋል፣ ቀይ ሰማያዊ ጥቁር አረንጓዴና ሐምራዊው ከለር ናቸው፣ እና ከለር በከለር ላይ ሜታልም በሜታል ላይ አይቀመጥም። ምክንያቱ ሲገባኝ ሳቅኩ፣ ከሩቅ እንዲታይ ነው እኮ። በዝናብ ሌሊት የመንገድ ምልክት ያነበበ ሰው ይሄን አስተማሪ አያስፈልገውም። ባንዲራችንን ተመልከቺ እስቲ፣ አረንጓዴና ቀዩ ተነካክተው ቢሆን ምን ይመስል ነበር፣ ቢጫው መሀል ገብቶ ገላገላቸው። ደሞ የኛ የይሁዳ አንበሳ መስቀሉን ይዞ ይራመዳል እንጂ እንዲህ ቆሞ አይቧጭርም፣ ደሞም የንጉሥ ነው፣ ተዪለት። ጀበና ላርገው ወይ ያልሽውም አይሆንም። ክርስቲያኑ ቡና የለመደው በቅርብ ነው፣ እስከ ምኒልክ ዘመን ድረስ ቤተ ክህነት በክፉ ዓይን ነበር የምታየው፣ አምስት መቶ ዓመት ወደ ኋላ ሄደሽ ጀበና ብታስቀምጪ አያቶችሽ ራሳቸው ይታዘቡሻል።

ንብ አድርጊ። አያትሽ ከጓሮ አሥራ አንድ ቀፎ ነበረው፣ በጭስ ውስጥ ባዶ እጁን ያስገባና ሰፈፉን ሲያወጣ ንቦቹ ክንዱ ላይ እንደ እጅጌ ይሰፍሩበታል፣ አይነድፉትም፣ እኔን ግን አጥር ጥግ ቆሜም ይነድፉኛል። በቢጫ መደብ ላይ ሦስት ጥቁር ንብ። ንብ ፈረንጆቹም ጋሻቸው ላይ ድሮ ያደርጉ ነበር አሉ። ብቻ ከተመዘገበው ሁሉ በግልጽ መለየት አለበትና መዝገቡን አስፈትሺ።

አሁን ስሙ። "እቴጌ እሌኒ ካሳዬ" ብለሽ ሞልተሻል። እቴጌውን አጥፊ፣ ማዕረግ አይመዘግቡም፣ በስም በኩል ፔሊካን የሚባለው ሹም ይጥለዋል፣ እኔም ብሆን እጥለዋለሁ። እሌኒ ጥሩ ነው። ሄለንም እሌኒም ያው አንድ ስም ነው፣ ክርስትና ያነሱሽ ቄስም እሌኒ ነው ያሉሽ፣ መልእክተኛዋን ማቴዎስን ወደ ፖርቱጋል የላከችው እቴጌም እሌኒ ናት፣ በፈረንጆቹ 1514 ሊዝበን ገብቷል፣ ማስረጃ ከተባለ ይሄው ማስረጃ። ካሳዬን ግን... ካሳዬን ግን ሳትደውይልኝ እንዳትልኪው ያልኩሽ ለዚህ ነው።

ካሳዬ አያትሽ እንዳልሆነ ታውቂያለሽ፣ እናትሽ ነግራሻለች። ለምን እንደሆነ ግን እኔ አልነገርኩሽም። በፈረንጆቹ 1983 ሱዳን ገዳሪፍ ስንደርስ አንድ ሰውዬ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ እርሳሱን እያኘከ ይመዘግባል፣ ሰልፉ ረጅም ነው፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ የአባት ስም አለኝ። ልጁ ሱዳን የገባ አባት ይታሰራል እያሉ መንገድ ላይ ሲያስፈራሩን ነበር የመጣነው። ከኋላዬ የቆመው የእናቴ ወንድም ነው፣ አብሮኝ በእግሩ የመጣው። ካሳዬ አልኩ። ሰውዬው ጻፈ። አለቀ፣ ሦስት ፊደል ነው።

ለአባቴ ብዬ ነው፣ እውነቴን ነው። ግን ደርግ በፈረንጆቹ 1991 ወደቀ፣ ከዚያ በኋላስ ለማን ብዬ ነው? ዜግነት ስወስድ ስምህን መቀየር ትፈልጋለህ የሚል ጥያቄ ፎርሙ ላይ ነበር፣ ትንሽ ሳጥን፣ ምልክት ማድረግ ብቻ። ላይሰንሱ፣ የቤት ኪራይ ውሉ፣ ባንኩ፣ ሁሉንም ልቀይር ነው ብዬ አሰብኩ፣ ውጪ ደሞ የፓርኪንግ ሚትሩ እየቆጠረ ነው። አለፍኳት።

አንቺ የተወለድሽ ጊዜ አባቴ ከገጠር አዲስ ዘመን ከተማ ድረስ ወጥቶ ስልክ ጠበቀኝ። ስሟ ማን ተባለ አለኝ። ሄለን አልኩት። "ሄለን ማን?" አለኝ። እኔ ዝም አልኩ። ከዚያ አባባ ካርዱ አለቀ መሰለኝ ብዬ ዘጋሁት። ካርዱ ላይ ያለችው ሴትዮ ስትጀምር አሥራ ስምንት ደቂቃ አለህ ብላኝ ነበር፣ አምስቱን እንኳን አላወራንም። ደግሞ ሲደወል ያንን ጥያቄ አላነሳውም፣ እስኪሞት አላነሳውም።

እና አንቺ ማንም ሳያስገድድሽ፣ በጨዋታ፣ በአባትነት ካሳዬን ልታስመዘግቢ ነው። ጨዋታ ነው ትይኛለሽ። እኔም ያኔ ለጊዜው ነው ብዬ ነበር።

አያትሽ ተስፋ ጽዮን ነው። አሁን ስሚኝ፣ በፈረንጆቹ ከ1650 በፊት የተጻፈ ማስረጃ አምጪ ካሉሽ፣ ሮም ከጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ የኛዎቹ መነኮሳት የሚያርፉበት ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል ቤት ነበራቸው፣ እዚያ የኖረ የደብረ ሊባኖስ መነኩሴ ነው ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ በፈረንጆቹ 1548 ያሳተመው። ስሙ ተስፋ ጽዮን። ወንድምሽ ይሄን ሲያነብልኝ ወጥቼ መኪና ውስጥ ተቀመጥኩ። አውሮፓ ውስጥ፣ ዓመቱ ታውቆ፣ በማተሚያ። ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋሉ። በአገራችን ወግ ሁለተኛው የኔ ስም ነበር መሆን ያለበት፣ እኔ ቦታዬን ለሱ ለቅቄያለሁ። እሌኒ ተስፋ ጽዮን ብለሽ ሙዪው።

መልሱ ወራት ስለሚፈጅ አትጣደፊ። የመኪናሽን ጎማ ግን አሁኑኑ አሳዪ፣ የፊተኛው ግራ ተበልቷል፣ እንዲህ ሆኖ ሪችመንድ ድረስ እንዴት ትነጃለሽ። ሽሮና ቆሎ በሰብለ ልኬያለሁ፣ ለሷም ንጉሡ ስድስት ወር ብቻ እንደሆነ ንገሪያት።

ፎርሙን ሳትደውይልኝ እንዳትልኪው። በፈረንጅ ፊደል እንዴት እንደሚጻፍ ቅዳሜ ከሥራ ስወጣ አንድ ላይ እናየዋለን፣ አንድ በአንድ ትነግሪኛለሽ። በኛ ፊደል ከሆነ ደሞ ጽዮን በጸሎቱ ጸ ነው፣ በፀሐዩ አይደለም።

አባትሽ