ተቋራጩን ከመውቀሳችን በፊት ክፍያውን እንይ

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

የአገር ውስጥ ተቋራጮች አቅም አንሷቸዋል የሚለውን ጽሑፋችሁን አነበብኩት። እኔ ሐዋሳ ውስጥ በመንገድና በውኃ ማፋሰሻ ሥራ በፎርማንነት የምሠራ ሰው ነኝ። ብዙው ያላችሁት እውነት ነው። ማሽን የለንም፣ ያለውም አርጅቷል። የክፍያን ጉዳይ ግን ጨርሶ አላነሳችሁትም።

ተቋራጩ ጨረታ ሲያሸንፍ ዋስትና አስይዞ ቅድመ ክፍያ ይወስዳል። ከዚያ በኋላ የሚከፈለው በሠራው ልክ ነው። አማካሪው (ሥራውን የሚቆጣጠረው መሐንዲስ) ይለካል፣ የክፍያ ሰርተፍኬት ያጸድቃል፣ ወረቀቱ ወደ አሠሪው መሥሪያ ቤት ይሄዳል። እዚያ ይተኛል። በጀት አልተለቀቀም ይባላል። ፈራሚው ስብሰባ ላይ ነው ይባላል። በዚህ መሀል ተቋራጩ ለነዳጁም፣ ለማሽን ኪራዩም፣ ለብረቱም ይበደራል። ትርፉን ወለድ ይበላዋል።

ቀድሞ የሚጎዳው ግን ሠራተኛው ነው። በቅርቡ የሠራሁበት ሳይት ክፍያ ሲዘገይ ፌራዮዎቹ (ብረት አሳሪዎቹ) አንድ በአንድ ጥለው ሄዱ። አልፈርድባቸውም። የቤት ኪራይ አለባቸው፣ ልጆች አሏቸው። ገንዘቡ ሲመጣ አዲስ ልጆች ሰብስበን ብረት አስተሳሰሩን፣ አርማታ ውኃ ማጠጣቱን፣ ሁሉንም እንደገና ማስተማር ጀመርን። እስከዚያው የቆፈርነው ቦይ ላይ ክረምት ገባበት። ግድግዳው ተናደ፤ አፈሩ በጎርፍ ወደ ሐይቁ ወረደ። የሐዋሳ ሐይቅ መውጫ እንደሌለው የታወቀ ነው፤ የገባው ደለል እዚያው ይቀራል። የሰፈሩ ሰው ታዲያ የሚረግመው ተቋራጩን ነው።

ሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በቻይና ተቋራጭ በዘጠኝ ወር ገደማ መጠናቀቁን እያነሱ «ቻይና ቢይዘው ኖሮ» የሚሉ ብዙ ናቸው። ፍጥነቱን እኔም አደንቃለሁ። ነገር ግን ያ ሥራ መሬቱ ተዘጋጅቶለት፣ አገሪቱ ዩሮቦንድ (በውጭ ገበያ የሚሸጥ የብድር ሰነድ) ሸጣ ያገኘችው ገንዘብ ቀርቦለት ነው የተሠራው። የሞጆ–ሐዋሳ ፈጣን መንገድ ደግሞ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዋና ዋናዎቹ ተቋራጮች የውጭ ናቸው፤ ገንዘቡም ከአፍሪካ ልማት ባንክ፣ ከዓለም ባንክ፣ ከኮሪያና ከቻይና ነው። ያም ሆኖ ከባቱ (ዝዋይ) ወደ ሐዋሳ ያለው ክፍል ወደ ኋላ ቀርቷል። ወሰን ካልጸዳ (መንገዱ የሚያልፍበት ቦታ ነጻ ካልሆነ)፣ ካሳ ካልተከፈለ፣ መንገዱ ሰላም ካልሆነ የውጭውም ተቋራጭ ይቆማል።

የዋጋው ነገርም አለ። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በአጭር ጊዜ ከ100 ብር አለፈ። ሬንጁም መለዋወጫውም የሚመጣው ከውጭ ነው። ሰርተፍኬቱ ሲጸድቅ የነበረው ብርና ዘግይቶ እጅ የሚገባው ብር አንድ አይደለም።

በውሉ ላይ ለዘገየ ክፍያ ወለድ ይታሰባል የሚል አንቀጽ አለ። የጠየቀ ተቋራጭ ግን እስካሁን አልገጠመኝም። ለሚቀጥለው ጨረታ ጥርስ ይነከስብኛል ብሎ ይፈራል። አሠሪው ሳይጠየቅ ራሱ አስቦ ቢከፍል ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ እንደዚያ አይከርምም ነበር። በጀቱ ያልተያዘና ወሰኑ ያልጸዳ ሥራም ለጨረታ ባይወጣ እመርጣለሁ፣ የመሠረት ድንጋይ የሚጠብቁ ሰዎች ቢከፋቸውም። አሥር መንገድ ቆፍሮ ከመተው ሦስቱን መጨረስ ይሻላል።

በሚቀጥለው ጽሑፋችሁ ኃላፊዎቹን ይህን ጠይቁልኝ፦ አንድ ሰርተፍኬት ከጸደቀ በኋላ እስኪከፈል በአማካይ ስንት ቀን ይፈጃል? መልሱን ከተማ በከተማ አትሙት፤ ከሐዋሳ ጀምሩ።

ከአክብሮት ጋር
የመንገድ ሥራ ፎርማን፣ ሐዋሳ